ለወንዶቹ የተነገረው

ባለፈው ዓርብ የልጅ ልጄ ሶልያና ለምሳ ከትምህርት ቤት መጣች። ወላጆቿ ሀዋሳ ስለሚሠሩ እዚሁ ሆሳዕና ከእኔ ጋር ነው የምትኖረው። የቡላ ገንፎ ሠርቼ ቅቤውን መሃሉ ላይ አድርጌላት ነበር። እየበላች፣ ዘንድሮ የኮምፒውተር ትምህርት ሊጀምሩ እንደሆነና ለጀማሪዎች ሁለት ዓይነት ኮርስ እንደተዘጋጀ አጫወተችኝ። አንደኛው ደብዳቤ መጻፍ፣ ሠንጠረዥ መሥራትና ማተም ያስተምራል። ሁለተኛው ፕሮግራም መጻፍ ነው፤ እነሱ ኮዲንግ ይሉታል። እያንዳንዱ ተማሪ ከሁለቱ አንዱን ይይዛል። ወሬውን ያነሳችው የትኛው እንደሚሻላት ልትጠይቀኝ ነው።

እግረ መንገዷንም የኮምፒውተር መምህራቸው "ሴቶቹ የመጀመሪያውን ብትይዙ ይሻላችኋል፤ ሁለተኛው ይከብዳችኋል" ማለቱን ነገረችኝ። ቅር ብሏት አይደለም የነገረችኝ። መምህሩ ጥሩ ሰው እንደሆነም ጨመረችልኝ።

ማንኪያዬን አስቀመጥኩ። ፊቴ ተለውጦ ኖሮ "እማማ፣ አመመሽ እንዴ?" አለችኝ። አላመመኝም። ሰው ሲያረጅ ንዴቱም አብሮት የሚደክም ይመስለኝ ነበር። ጉልበቴ ደክሟል፣ ዓይኔም ደክሟል፤ ይሄኛው ግን እንዳለ ነው። እዚህ የምጽፈው ያን ዕለት ከምሳ በኋላ ለሶልያና የነገርኳትን ነው። ለእሷ አንዳንዱን ቀለል አድርጌ ነው ያወራኋት፤ እዚህ ግን አላቀልለውም።

የተወለድኩት አንጋጫ አጠገብ ነው። አባቴ ገበሬ ነበር፤ እንሰት፣ ድንች፣ ትንሽ ስንዴ ያመርታል። እሁድ እሁድ ደግሞ በመንደራችን የጸሎት ቤት ያስተምር ነበር፤ ቤቱ እስኪዘጋ ድረስ ማለቴ ነው። በደርግ ጊዜ በእኛ በኩል ጴንጤ የተባሉት የጸሎት ቤቶች ሲዘጉ የእኛም በር ላይ ሳንቃ ተመታበት። አባቴ ታስሮ ተፈታ። ሲመለስ የወትሮው አባቴ ነበር፤ ድምፁ ግን ዝቅ ብሏል። መዝሙር የሚያንጎራጉረው እንሰቱ መሃል ገብቶ፣ ቅጠሉ በነፋስ ሲንኳኳ ብቻ ሆነ።

ስምንተኛ ክፍልን በጥሩ ውጤት አልፌ ዘጠነኛ ልማር ወደ ሆሳዕና ስመጣ የክረምቱ ጭቃ ገና አልደረቀም ነበር። ያኔ ከአንጋጫ ሆሳዕና መኪና ማግኘት ዕድል ነው። እህል የጫነ ኤንትሬ የጭነት መኪና ካለፈ ጆንያው ላይ እንወጣለን፤ ካላለፈ መንገዱ የእግር ነው፤ ቀዩ ጭቃ ከጫማ ሥር እየተጋገረ አንዱን እግር ከሌላው ያከብዳል። ስንቄ ቆጮና በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ አይብ ነበር። ያረፍኩት የአባቴ እህት፣ አክስቴ አስቴር ቤት ነው። እሷ ሀዲያ አግብታ ገበያ ላይ ቅቤ ትነግዳለች። ልጆቿ ሀዲይኛ ይናገራሉ፣ እኔ ከምባትኛ፣ አንዱ ቃል ሲጠፋን በአማርኛ እንሞላዋለን። ያ ቤት ደስ ይለኝ ነበር። ሰው ሁሉ ተሳስቶ ይናገራል፣ ማንም በማንም አይስቅም።

የሒሳብ መምህራችን ግርማ ይባላል። "ይባላሉ" ማለት ነበረብኝ፤ ምላሴ አይታዘዝልኝም። ገና ከዩኒቨርሲቲ መውጣቱ ነበር። በዚያ ሁሉ ጭቃ ጫማው የማይቆሽሽ፣ ቡናማ ኮርዱሮይ ጃኬት የሚለብስ፣ ሲያስተምር ተማሪ የማይማታ ሰው ነው። እንወደው ነበር። እኔ በሒሳብ የሚያህለኝ ስላልነበረ ሰሌዳ ላይ ደጋግሞ ያወጣኛል፤ ስመለስ "ጎበዝ" ይለኛል። ከመንደር ለመጣች፣ አማርኛዋ ለሚደናቀፍ ልጅ ይህች ቃል ምን እንደሆነች የሚያውቅ ያውቃል።

አንድ ቀን ከመጽሐፉ መሃል ጠንከር ያለ የወረቀት ካርድ አወጣ። ካርዱ ላይ ትንንሽ አራት ማዕዘን ቀዳዳዎች በረድፍ በረድፍ ተበስተዋል። እየተቀባበልን አየነው። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አንድ ክፍል የሚሞላ ኮምፒውተር የሚባል ማሽን እንዳለ፣ እነሱ ጥያቄያቸውን በእንዲህ ያለ ካርድ እየበሱ እንደሚሰጡት፣ እሱም ሒሳቡን ሠርቶ በወረቀት እንደሚመልስ ነገረን። ልጆቹ ሳቁ። እሱ ግን ሳይስቅ ቀጠለ።

"ማሽኑ የሚያውቀው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ አለ እና የለም" አለን። "ቀዳዳ ከኖረ አለ፣ ካልኖረ የለም። ሌላው ሁሉ ከእነዚህ ከሁለቱ የሚሠራ ነው።"

ይህን እንዴት እንደሰማሁት መግለጽ ይቸግረኛል። ቤታችን ውስጥ ጨዋታዬ ቁጥር ነበር፤ የድንች ክምር፣ የእንሰት ረድፍ ስቆጥር ነው ያደግኩት። ቁጥር ሁሉ ከ"አለ" እና ከ"የለም" ሊሠራ ይችላል ሲባል፣ አንድ ሰው የቤቴን መሠረት ቆፍሮ ያሳየኝ መሰለኝ። አክስቴ ቤት እየበላሁ፣ መንገድ ላይ እየሄድኩ፣ ቁጥሮችን በሁለቱ ብቻ ለመጻፍ እሞክር ነበር።

በዚያው ሳምንት ነበር የሙያ ኮርስ ምርጫ። ትምህርት ቤታችን ከመደበኛው ትምህርት ጋር አንድ የሙያ ትምህርት ያስይዛል፤ ቤት አያያዝ፣ ታይፕና የሒሳብ አያያዝ፣ እርሻ፣ ኤሌክትሪክ። አንድ ተማሪ ከአራቱ የትኛው ወደ ኮምፒውተሩ እንደሚያደርስ መምህር ግርማን ጠየቀው። እዚህ ማሽኑ ስለሌለ ማንም ሊያስተምረን እንደማይችል፣ ቅርቡ ግን ኤሌክትሪክ እንደሆነ መለሰ። በማሽኑ ሆድ ውስጥ ያለው የሚበራና የሚጠፋ ነገር ብቻ ነውና። ከክፍል ሲወጣ ተከትዬው ሄድኩ።

"ጋሼ፣ እኔም ኤሌክትሪክ ልያዝ?" አልኩት።

"አንቺማ በተለይ" አለኝ።

ይህን ያለኝ መተላለፊያው ላይ ነው፤ ሌላ ሰው አልነበረም።

የምርጫው ቀን ተራ በተራ ወደ ምክትል ዳይሬክተሩ ቢሮ ገባን። ዝናብ ስለነበር ክፍሉ የእርጥብ ካፖርት ሽታ ይሸታል። ምክትል ዳይሬክተሩ ካኪ የለበሰ፣ ኪሱ ላይ የፓርቲ ባጅ ያደረገ ሰው ነው። ከኋላው ግድግዳው ላይ ትልቅ ሥዕል ተለጥፏል፤ አንዲት ሴት መዶሻ ይዛ ከወንዶች ጋር እኩል ትራመዳለች፣ ከሥሩም ሴቶች ያልገቡበት አብዮት እንደማይሳካ ተጽፏል። እኔ ቆሜ የማየው ይህንን ነው።

ኤሌክትሪክ ስል ቀና ብሎ አየኝና ፈገግ አለ። ክፉ ፈገግታ አልነበረም፤ አባት ለልጁ የሚያሳየው ዓይነት ነው። ኤሌክትሪክ ሰው እንደሚገድል፣ ሴቶች ቤት አያያዝ ወይም ታይፕ እንደሚይዙ፣ ይህም ለእኛው ሲባል እንደሆነ አስረዳኝ። ለእኔ ደግሞ ቤት አያያዝ ጽፎልኝ ኖሯል፤ የታይፕ መኪናዎቹ ለከተማ ልጆች ተይዘዋል። እኔ ግን የሒሳብ መምህሬ የመከሩኝ ኤሌክትሪክ እንደሆነ ተናገርኩ።

ሰው ልኮ አስጠራው። መምህር ግርማ ጣቱ ላይ ጠመኔ እንዳለ መጣ። ምክትል ዳይሬክተሩ እየሳቀ ነው የጠየቀው።

"ጓድ ግርማ፣ ይችን ልጅ ኤሌክትሪክ ያዢ ብለሃታል?"

አየኝ። ከዚያ ግድግዳውን አየ። ጉሮሮውን ጠረገና "ለክፍሉ በጠቅላላ ነው የተናገርኩት" አለ። ምክትል ዳይሬክተሩ ዝም ብሎ ሲጠብቀው፣ "ማለቴ፣ ለወንዶቹ ነው የነገርኩት" አለ።

ማንም አላስፈራራውም። ማንም አልጮኸበትም። ወንበር ላይ የተቀመጠው ሰው እየሳቀ ነበር። አንድ ቃል ቢልልኝ፣ "አዎ፣ ጎበዝ ናት፣ ትሞክረው" ቢል፣ ምናልባት ያ ሰው እየሳቀ ይተወኝ ነበር። አሁን ድረስ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። ተጨንቆ ቢክደኝ እረዳዋለሁ፤ እሱ ግን የካደኝ ክርክር እንዳይረዝምበት ነው።

ቤት አያያዝ ክፍል ገባሁ። መምህርታችን ደግ ሴት ነበረች፤ በእሷ ቂም የለኝም። ትምህርቱንም አልንቅም። እናቴ እንሰት ፍቃ፣ አብላልታ፣ ጨምቃ ለቤተሰብ የሚበቃ ቆጮ ስታደርስ ያየ ሰው የቤት ሥራን አይንቅም። ነገር ግን እዚያ የምንማረው የእናቴን ሥራ አይደለም። ሹካና ቢላ በየትኛው በኩል እንደሚቀመጥ፣ ኬክ በስንት ሙቀት እንደሚጋገር ነው። የኬክ ምድጃ በመንደራችን ቀርቶ በከተማው ውስጥ በስንት ቤት እንደነበረ እንጃ። ደብተሬ ላይ የኬክ አሠራር እየጻፍኩ፣ ከግቢው ማዶ ከኤሌክትሪክ ክፍል የሚሰማውን የመዶሻና የሳቅ ድምፅ አዳምጣለሁ።

አንድ ቀን ተነስቼ ሄድኩ። የኤሌክትሪክ ክፍሉ በር ላይ ቆምኩ። የሚያስተምረው መምህር ላምቤቦ ይባላል፤ የሆሳዕና ሰው፣ አጭር፣ ትንሽ ተናጋሪ ነው። ምን እንደምፈልግ ጠየቀኝ። መስማት ብቻ እንደምፈልግ ነገርኩት።

"ለመስማት በር ላይ መቆም አያስፈልግም" አለኝ። "ግቢ።"

ጥቂት ወንዶች አጉረመረሙ። አንዱ ጠጋ ብሎ ቦታ ሰጠኝ። ጠረጴዛው ላይ ባትሪ፣ አንዲት ትንሽ አምፖልና ሁለት ማብሪያዎች ነበሩ። መምህር ላምቤቦ መጀመሪያ ሁለቱን ማብሪያዎች አንዱን ከአንዱ አስከትሎ አሰራቸው፤ ሁለቱም ካልተጫኑ አምፖሉ አይበራም። ከዚያ ፈትቶ ጎን ለጎን አሰራቸው፤ አሁን ከሁለቱ አንዱ ሲጫን ይበራል። ሌሎቹ ተማሪዎች ሽቦውን እየነካኩ ይጫወቱ ነበር። እኔ አለ እና የለምን አየሁ። "ይህም ያም ካለ" የሚለውን አየሁ፤ "ይህ ወይም ያ ካለ" የሚለውን አየሁ። ካርዱ ላይ ያሉት ቀዳዳዎች እንዴት ማሰብ እንደሚችሉ በዚያች አውራ ጣት በምታክል አምፖል ውስጥ ገባኝ። በዚህ ሁሉ ታሪክ ውስጥ ያልተናደድኩበት ቀን እሱ ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ የቤት አያያዝ ሰዓት ሲደርስ መምህር ላምቤቦ ክፍል እሄድ ነበር። ስሜ እዚያ የለም፤ እሱም ስም ሲጠራ ወደ እኔ አያይም። ሽቦ መላጥ፣ መበየድ፣ የተበላሸ ራዲዮ ከፍቶ ማየት ተማርኩ። ኤሌክትሪክም አልገደለኝም። ዝናቡ ቆመ፣ የአጨዳው ብርድ ገባ፣ ጠዋት ጠዋት የግቢው ሣር በውርጭ ነጭ ይሆን ነበር፤ እኔ ግን በዚያ ወር ብርድ የሚባል ነገር ትዝ አይለኝም።

ምክትል ዳይሬክተሩ የደረሰብን በትምህርት መሃል ነው። በሩን ከፍቶ ገባና አየኝ፤ በዚህ ጊዜ አልሳቀም። መበየጃውን ከእጄ ተቀበለኝና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ለመምህር ላምቤቦ በኋላ እንደሚያነጋግረው ነገረው። እኔን ወደ ውጭ አወጣኝና አባቴን ካላመጣሁ ትምህርት ቤቱ ደጃፍ እንዳልደርስ አዘዘኝ።

አባቴ በገበያ ቀን መጣ። ያለ ወቅቱ ዝናብ ጥሎ ነበርና ጋቢው ላይ ላስቲክ ደርቧል። ሌሊት ተነስቶ በእግሩ ነው የመጣው። ቢሮው ውስጥ ስንገባ ምክትል ዳይሬክተሩ ወንበር እንኳ አላቀረበለትም።

"አንተ ነህ አባቷ?" አለው።

አባቴን አንተ አለው። ሽበት ያለውን፣ አገር አንቱ የሚለውን ሰው። ሌላውን ሁሉ ብረሳ ይህችን አልረሳም።

ከዚያ ጥፋቴን ዘረዘረለት። የተመደብኩበትን ክፍል እምቢ እንዳልኩ፣ ያልተፈቀደልኝ ክፍል እንደገባሁ፣ ዲሲፕሊን እንደሌለኝ ነገረው። እንዲህ ያለ ነገር ከምን ዓይነት ቤት እንደሚመጣም እንደሚያውቅ አከለበት። እኔ በይፋ ይቅርታ እንድጠይቅ፣ አባቴ ደግሞ ዳግመኛ እንደማይደገም ፈርሞ እንዲሄድ ወረቀት አቀረበ።

አባቴ ወረቀቱን አልነካውም። ወደ እኔ ዞሮ በከምባትኛ ሰው ሰድቤ እንደሆነ፣ ዕቃ ሰብሬ እንደሆነ ጠየቀኝ። አለመሆኑን ነገርኩት። ከዚያ ቃላቱን አንድ በአንድ እየመረጠ በአማርኛ ተናገረ።

"ልጄ ሰው አልሰደበችም። ዕቃ አልሰበረችም። ገብታ ትምህርት ሰማች። እኔ ይህንን ጥፋት ነው ብዬ አልፈርምም፣ ጌታው።"

"ባለፈው የታሰርከው አልበቃህም ማለት ነው?"

"ያኔም ጥፋትህ ነው የተባልኩት መጸለይ ነው" አለ አባቴ።

ወጣን። ዝናቡ በርትቶ ስለነበር ገበያው አጠገብ አንድ ሱቅ ጣራ ሥር ተጠለልን። ሸንኮራ ገዝቶልኝ ቆመን እየላጥን በላን። ገበያተኛው ጆንያ ተከናንቦ ይሯሯጣል፣ የድንች ክምሮቹ በጎርፍ ይታጠባሉ። አልቆጣኝም፣ አልመከረኝም። ያ ክፍል ውስጥ የምማረው ነገር ምን እንደሆነ ብቻ ጠየቀኝ። ሁለት የሸንኮራ ቁራጭ ይዤ የሁለቱን ማብሪያ ነገር አሳየሁት። አሁን አንዱን ከአንዱ አስከትዬ፣ አሁን ጎን ለጎን አድርጌ። በጥሞና አየና "ሁለቱም ባይጫኑስ?" አለኝ። ያኔ ጨለማ ነው አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ዝናቡ ሲያባራ ወደ አንጋጫ ተመለሰ።

ሳምንት ሳይሞላ አባቴ ዳግመኛ ታሰረ። ወሬውን ያመጣችው ከአንጋጫ ገበያ የተመለሰች የአክስቴ ጎረቤት ናት። ቤቱ ውስጥ ሰው ሰብስቦ ይጸልያል ተብሎ ነው የተያዘው። ጥቆማው ከትምህርት ቤት ስለመነሳቱ ማንም የነገረን የለም፤ ማስረጃም የለኝም። አክስቴ አስቴር ግን ቅቤ የምትጠቀልልበትን ቅጠል እንደያዘች ተቀምጣ ለረጅም ጊዜ አየችኝ። ብትጮህብኝ እመርጥ ነበር።

በነጋታው ምክትል ዳይሬክተሩ ጋ ሄጄ ይቅርታ እንደምጠይቅ ነገርኩት። ቢሮው ውስጥ አይበቃም አለ። ጠዋት ባንዲራ ሲሰቀል፣ ተማሪው ሁሉ ተሰልፎ፣ መምህራኑ ፊት ለፊት ቆመው ሳለ ወደ ፊት ወጣሁ። ጥፋተኛ ነኝ አልኩ። ነውር የተማርኩ ይመስል፣ የማይገባኝን የወሰድኩ ይመስል፣ ክፍሉን፣ መምህራኑንና አብዮቱን ይቅርታ ጠየቅሁ። አብዮቱን የምትለዋን የጨመረልኝ ምክትል ዳይሬክተሩ ነው። ገና መናገር ስጀምር መምህር ላምቤቦ ከመምህራኑ ሰልፍ ወጥቶ ጀርባውን ሰጥቶ ወደ ክፍሉ ሄደ። መጀመሪያ የናቀኝ መስሎኝ ነበር። ቆይቶ ነው ስዋረድ እንዳያይ እንደሆነ የገባኝ፤ ያ መሄዱም ዋጋ ሳያስከፍለው አልቀረም፣ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሩቅ አገር ተዛወረ። መምህር ግርማ ግን እስክጨርስ ቆሞ ነበር። ያንን የማይቆሽሽ ጫማውን እያየ።

አባቴ ተፈታ። ሲፈታ የሆነውን ነግረውት ስለነበር "ለእኔ ብለሽ ባላደረግሽው" አለኝ። ከዚያ በላይ አላነሳውም፣ እኔም አላነሳሁም። ዓመቱን ቤት አያያዝ ክፍል ውስጥ ተቀምጬ ጨረስኩ። ሹራብ መሥራት ተማርኩ። አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ መምህራን ማሠልጠኛ ገባሁ፣ ዶዮገና ከዚያም ሆሳዕና ጡረታ እስክወጣ ሒሳብ አስተማርኩ። ጥሩ አስተማሪ ነበርኩ። ሕይወቴ ከንቱ ሆነ አልልም፤ ልጆች አሳድጌያለሁ፣ ተማሪዎቼ መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ይስሙኛል። ግን የመረጥኩት ሕይወት አልነበረም፤ የተተወልኝ ነው።

ደርግ ወድቆ ብዙ ዓመት ካለፈ በኋላ፣ ኮምፒውተር ወደ ትምህርት ቤቶቻችን መግባት ሲጀምር፣ ለመምህራን ሥልጠና ተብሎ ዱራሜ ተሰበሰብን። አዳራሹ ውስጥ ጥቂት ኮምፒውተሮች ተደርድረው፣ በእያንዳንዱ ላይ ብዙ ሰው ተጋፍቶ ነበር። ሥልጠናውን ከሚመሩት ባለሙያዎች አንዱ መምህር ግርማ ነው። ጸጉሩ ሳስቷል፣ ወፍሯል። ስሜን ከዝርዝር ላይ ሲያነብ ቀና ብሎ ፈለገኝ፤ ሲያየኝ ከልቡ ደስ አለው። እጄን ይዞ ለሰዎቹ አስተዋወቀኝ። ታደለች ተማሪዬ ነበረች፣ በሒሳብ የሚያህላት አልነበረም፣ በዚያን ዘመን ስለ ኮምፒውተር መጀመሪያ የነገርኳት እኔ ነኝ፣ እያለ። ሰው ሁሉ ፈገግ ብሎ ያየናል።

"ነግረውኛል" አልኩት። "ሲጠየቁ ግን ለወንዶቹ ነው የነገርኩት አሉ።"

ትንሽ ጊዜ አላስታወሰም። ከዚያ አስታወሰ፤ ፊቱ ላይ አየሁት። እጄን ሳይለቅ ሳቀ።

"ጊዜው እኮ ነው ታደለች" አለ። "ጊዜው እንደዚያ ነበር።"

በዙሪያችን ያሉት ራሳቸውን ነቀነቁ። አዎ፣ ጊዜው ነው፣ ክፉ ጊዜ ነበር፣ ተባባሉ። ሁሉም አንዳንድ ነገር ያስታወሱ መሰለኝ። እጄን አስለቅቄ ቦታዬ ሄድኩ።

ይህንን ቃል ስንት ሰው ሲለው ሰምቻለሁ። ያሰረውም፣ የጠቆመውም፣ አይቶ ዝም ያለውም ዛሬ ሲጠየቅ ጊዜው ነው ይላል። መምህር ላምቤቦ በዚያው ጊዜ ነው "ግቢ" ያለኝ። አባቴ በዚያው ጊዜ፣ ከዚያው ጠረጴዛ ፊት ቆሞ ነው አልፈርምም ያለው። ጊዜ ጉሮሮውን አይጠርግም። ጊዜ ግድግዳ አያይም። ያን ያደረገው ሰው ነው፣ ስምም አለው።

ለሶልያና ታሪኩን ስጨርስ ገንፎዋ ቀዝቅዟል። የትኛውን ያዢ እንዳልላት ተጠነቀቅሁ። ኮዲንጉ ምን እንደሆነ፣ ያኛውም ምን እንደሚጠቅም የማውቀውን ያህል ነገርኳትና ምርጫው የራሷ እንደሆነ፣ ማንም ቢያስቸግራት ግን አብሬያት እንደምሄድ ተናገርኩ። ቅዳሜና እሁድን በልቤ ስከራከር ነው የዋልኩት። ለዚያ መምህር የምለውን አዘጋጀሁ። ከሣጥን ውስጥ ደህናውን ነጠላዬን አወጣሁ። ከዳይሬክተሩ ጋር ተነጋገርኩ፣ ከትምህርት ቢሮው ጋር ተነጋገርኩ፣ ሁሉንም እዚሁ ወንበሬ ላይ ተቀምጬ።

ሰኞ ለምሳ ስትመጣ ቦርሳዋን ጥላ ድስቱን ከፍታ አየች። ምን እንደሆነ ጠየቅኋት። ጠዋት መምህሩን እንዳነጋገረችው፣ ሳትሞክር መምረጥ እንደማትፈልግ እንደነገረችው፣ እሱም እሺ እንዳላት አወራችኝ።

"ሌላስ ምን አለሽ?" አልኳት።

"ምንም" አለች እየጎረሰች። "ሁለቱንም ክፍል ገብተሽ እይና የወደድሽውን ያዢ አለኝ። ሌሎቹም ልጆች እንደዚያ ማድረግ ይችላሉ አለ። ከዚያ ደወል ተደወለ።"

ደስ አለኝ፤ ለምን አይለኝም። ሳህኗን ሞላሁላት፣ ራሷን ሳምኳት፣ በልታ ተመልሳ ወጣች። ከሄደች በኋላ ግን ዕቃውን ሳላነሳ ብዙ ተቀመጥኩ። ንዴቱ ይበርድልኛል ብዬ ነበር፤ ይልቁንም ጨመረ። እስከ ዛሬ ስናደድም ቢሆን ያ ነገር ከባድ በር ነው፣ ሊከፍቱልኝ አቅም አልነበራቸውም እያልኩ ራሴን ሳጽናና ኖሬያለሁ። ለካ አንድ ሰው እሺ ማለት ብቻ ነበር የሚፈለግበት። ደወል እስኪደወል የሚያልቅ ነገር ነበር።